ምጣኔው ሳይዛባ መጠን ማብዛትና ማሳነስ፦ ከድፎ ዳቦ እስከ በረኪናና አርማታ

ለ10 ሰው ሲጋግር ዳቦው ሁልጊዜ የሚያምርለት ሰው ለ70 ሰው ሲያቦካ ሊጡ ይቀጥንበታል፣ ወይም ጨው ይበዛበታል። በረኪና የሚበጠብጠው «1 ለ 9» ተብሎ 1 ለ 10 ያደርጋል። አርማታ የሚያቦካው የመጀመሪያውን ቅልቅል በሳጥን ለክቶ ከሦስተኛው በኋላ በአካፋ ግምት ይቀጥላል። የሁሉም ጥፋት አንድ ነው፤ አንዱ ነገር ይባዛል፣ ሌላው «ትንሽ ጨመር» ይደረጋል። ምጣኔ የሚጠበቀው ሁሉም በአንድ ቁጥር ሲባዛ ብቻ ነው። አንዳንድ ነገር ደግሞ በዚያ ቁጥር መባዛት የለበትም፤ እሱን ለይቶ ማወቅም የሥራው ግማሽ ነው።

ደረጃ 1 እስከ 6 ለማንኛውም ሥራ ያገለግላሉ፤ ምሳሌያቸው ድፎ ዳቦ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ክፍሎች የየራሳቸው ወጥመድ ስላላቸው ለብቻ ተቀምጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1 ግራም የሚለይና ቢያንስ 5 ኪሎ የሚችል ዲጂታል ሚዛን
- የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው ጆግ
- የስልክ ካልኩሌተር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ለክቶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጎድጓዳ ሳህን

ወረቀቱን አትዝለሉት። ስሌት በቃል ይዞ ማቡካት የጀመረ ሰው መሀል ላይ ስልክ ሲጠራ ወይም እንግዳ ሲገባ ስንተኛው ላይ እንደነበረ ይጠፋበታል።

ደረጃ 1፦ የመነሻውን መጠን ሁሉ ወደ ግራም ቀይሩ

ብርጭቆ መለኪያ የሚሆነው እናንተ ቤት እስካላችሁ ድረስ ነው። የጎረቤት ብርጭቆ 200 ሚሊ ሊትር፣ የእናንተ 250 ሊሆን ይችላል። በትንሽ መጠን ልዩነቱ አይታወቅም፤ 8 ጊዜ ሲባዛ ግን ሊጡን ያበላሻል። ዱቄት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ተነፍቶ የተሰፈረና ተጠቅጥቆ የተሰፈረ አንድ ብርጭቆ ዱቄት ሚዛን ላይ ብዙ ይለያያሉ።

ስለዚህ የለመዳችሁትን አሠራር አንድ ጊዜ በሚዛን ሥሩትና ቁጥሩን ጻፉ። ሚዛን በእጃችሁ ከሌለ እነዚህ ያስኬዷችኋል፤ የማንኪያው አፍ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ መስተካከል አለበት።

- 1 የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል
- 1 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ወደ 6 ግራም
- 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም
- 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ወደ 3 ግራም
- 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ፤ 1 ሊትር ዘይት ግን ወደ 920 ግራም
- ቅርፊቱ የወጣ መካከለኛ እንቁላል ወደ 50 ግራም

አሜሪካ ላላችሁ፦ 1 ፓውንድ 454 ግራም፣ የአሜሪካን የመለኪያ ኩባያ ደግሞ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። «ካፕ» የሚል የእንግሊዝኛ አሠራር በቤት ስኒ አትስፈሩ።

የምንጠቀምበት የድፎ ዳቦ መነሻ ይህ ነው፦

- የስንዴ ዱቄት 1000 ግራም
- ውሃ 620 ግራም
- ዘይት 50 ግራም
- ስኳር 30 ግራም
- ጨው 18 ግራም
- ደረቅ እርሾ 10 ግራም
- ጥቁር አዝሙድ 5 ግራም
- ድምር 1733 ግራም

ድምሩን መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል። ደረጃ 5 ላይ ስህተታችሁን የሚያጋልጠው ግን እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ መሠረቱን ምረጡ

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ነገር መሠረት ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ በሱ ይለካል። ዳቦ ላይ መሠረቱ ዱቄት ነው። የዳቦ ቤት ሰዎች ዱቄቱን 100 አድርገው የቀረውን በመቶኛ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ እዚህ ውሃው 62፣ ጨው 1.8፣ እርሾ 1 በመቶ ይሆናል። ዶሮ ወጥ ላይ መሠረቱ ዶሮው፣ አርማታ ላይ ሲሚንቶው ነው።

ለምን ያስፈልጋል? በሥራ መሀል የሆነ ነገር ቢጎድል ወይም ቢበዛ ወደ ምን እንደምትመለሱ ታውቃላችሁ። መሠረት ያልመረጠ ሰው ሊጥ ሲቀጥንበት ዱቄት፣ ሲጠጥርበት ውሃ እየጨመረ መጨረሻ ላይ ጨውና እርሾ የሌለው ክምር ሊጥ ይቀረዋል።

ደረጃ 3፦ ማባዣ ቁጥሩን አውጡ

ስሌቱ አንድ ነው፦ የሚፈለገው ÷ መነሻው። ጥያቄው ግን በአራት መልክ ይመጣል።

1. ያላችሁ ዱቄት ሲታወቅ። 7.5 ኪሎ ዱቄት አለ፤ መነሻው 1 ኪሎ ነው። ማባዣው 7.5 ነው። የ5 ፓውንድ የአሜሪካ ዱቄት ከሆነ ክብደቱ 2268 ግራም ስለሆነ ማባዣው 2.268 ነው፤ ውሃው 1406፣ ጨው 41፣ እርሾ 23 ግራም ይመጣል። የ7 ግራሙ የእርሾ ፓኬት 3 ሲሆን 21 ግራም ነው፤ ሌላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አክሉበት።

2. የሰው ብዛት ሲታወቅ። መነሻው ለ25 ሰው፣ የተጠራው 140 ከሆነ 140 ÷ 25 = 5.6። ወደ 5 ዝቅ አታድርጉት፤ 15 ሰው የሚበላው ይጎድላል።

3. የሚፈለገው የሊጥ ክብደት ሲታወቅ። 6 ኪሎ ሊጥ ከፈለጋችሁ በድምሩ አካፍሉ፦ 6000 ÷ 1733 = 3.462። ዱቄቱ 3462፣ ውሃው 2146፣ ጨው 62፣ እርሾ 35 ግራም ይሆናል። ሳፋና እጅ ላይ የሚቀረውን ለማካካስ መጀመሪያውኑ 6000 ሳይሆን ከ2 እስከ 3 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ አስሉ።

4. አንዱ ነገር ሲያጥር። 4 ኪሎ ዱቄት አለ፣ ዘይት ግን 125 ግራም ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ማባዣ አውጡ፦ ዱቄቱ 4፣ ዘይቱ 2.5። ሁሉም የሚደርሰው ትንሹ ማባዣ ላይ ነው፤ ሱቅ የምትልኩት ሰው ከሌለ 2.5 ኪሎ አቡኩ። እርሾ ሲያጥር ግን ነገሩ ይለያል፤ ጥቂት እርሾ ረዘም ያለ ጊዜ ከተሰጠው ዱቄቱን ኩፍ ያደርገዋል።

ማካፈሉን ገልብጦ መሥራት ብዙ ያጋጥማል። ለማብዛት ከሆነ ማባዣው ከ1 መብለጥ፣ ለማሳነስ ከሆነ ከ1 ማነስ አለበት። ለ140 ሰው እያሰላችሁ 0.18 ከመጣ ቁጥሮቹን ገልብጣችኋል።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም አባዙ፣ ከዚያ ብቻ ሥራ ጀምሩ

ለ7.5 ኪሎ ዱቄት፦ ውሃ 4650፣ ዘይት 375፣ ስኳር 225፣ ጨው 135፣ እርሾ 75፣ ጥቁር አዝሙድ 38 ግራም።

ለማሳጠር ማጠጋጋት የሚገባው መጨረሻ የወጣውን መጠን እንጂ ማባዣውን አይደለም። 3.462ን ወደ 3 ያወረደ ሰው ከሚፈልገው ሊጥ 13 በመቶ ያህል አጉድሏል። 37.5 ግራም አዝሙድ 38 ቢሆን ግን ማንም አይቀምሰውም።

አትደምሩ፣ አባዙ። «ዱቄቱን 2 ኪሎ ስለጨመርኩ ውሃውንም 2 ሊትር ልጨምር» የሚለው አስተሳሰብ ሊጡን ሾርባ ያደርገዋል። ለ2 ኪሎ ዱቄት የሚጨመረው ውሃ 1240 ግራም ነው።

አሁን እያንዳንዱን በየሳህኑ ለኩና በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ጨውና እርሾ እንዳይምታቱ ለየብቻ ይቀመጡ።

ደረጃ 5፦ በድምሩ አረጋግጡ

አዲሶቹን መጠኖች ደምሩ፤ ከ1733 × 7.5 ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ማለትም ወደ 13 ኪሎ። 50 ወይም 100 ግራም የሚያህል ልዩነት ካለ አንዱ አልተባዛም፣ ወይም አንድ ዜሮ ጠፍቷል። ጨውን እንደገና ለብቻው ፈትሹ፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ስህተቱ በድምሩ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ጨውን በዱቄቱ አካፍሉና 0.018 መሆኑን እዩ።

ደረጃ 6፦ የማይባዙትን ለዩ

ጊዜ። 7 ዳቦ ለመጋገር 7 እጥፍ ሰዓት አያስፈልግም። የእያንዳንዱ ዳቦ ውፍረት ካልተለወጠ የመብሰያ ጊዜውም ብዙም አይለወጥም፤ ምድጃው ሲሞላ ስለሚቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ውፍረቱ ከጨመረ ግን እሳቱን ቀነስ አድርጎ ማስረዘም ግድ ነው፤ ያለዚያ ኮባው አርሮ መሀሉ ጥሬ ይቀራል።

የእርሾ ፍጥነት። ብዙ ሊጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከትንሽ ሊጥ ፈጥኖ ኩፍ ይላል። ከ10 ኪሎ በላይ ስታቦኩ ለብ ባለ ውሃ ፋንታ የቧንቧ ውሃ ተጠቀሙ፣ ወይም ሊጡን በሁለት ሳፋ ክፈሉት። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ። ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣ አሠራር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሳይበዛም ሳያንስም ይፈጥናል፤ ይህ የከፍታው ጉዳይ ስለሆነ በማባዣ አይስተካከልም።

ውሃ በወጥ ውስጥ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ለ1 ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 150 ግራም በርበሬና 200 ግራም ንጥር ቅቤ የምትጠቀሙ ከሆነ ለ6 ዶሮ 12 ኪሎ፣ 900 ግራምና 1.2 ኪሎ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ውሃው ግን የሚተነው በድስቱ አፍ ነው፤ 6 እጥፍ የሚይዝ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ብረት ድስት የአፉ ስፋት 3.3 እጥፍ ብቻ ነው። ውሃውን 6 እጥፍ ከጨመራችሁ ወጡ ይቀጥናል። ከ3 ተኩል እስከ 4 እጥፍ ጀምሩ፤ ሲያስፈልግ ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጨምሩ።

በዚያው ምክንያት ሽንኩርቱም ይዘገያል። በ6 እጥፍ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ውሃ በ3.3 እጥፍ አፍ ብቻ መውጣት ስላለበት፣ በዚህ ብቻ የማቁላላቱ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የጀመረ ድግስ እኩለ ቀን የሚያልፈው ለዚህ ነው። ሰፊ ድስት ምረጡ ወይም ለሁለት ክፈሉት፣ ከታች እንዳያር እሳቱን አታንድዱት።

በርበሬና ጨው። አባዙና የተባዛውን ለኩ፣ ነገር ግን መጀመሪያ አራት አምስተኛውን ብቻ ጨምሩ። ከ900 ግራም በርበሬ 720 ይግባ፤ የቀረው 180 ግራም ከቀመሳችሁ በኋላ ይወሰናል።

የመጥበሻ ዘይት በሚጠበሰው ብዛት ሳይሆን በመጥበሻው ስፋት ይወሰናል። ሠራተኛና ቀን ደግሞ ከነጭራሹ በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ 4 ሰው በ6 ቀን የሚጨርሰው 24 የሰው ቀን ነው፣ 3 ሰው ከሆኑ 8 ቀን ይፈጅባቸዋል።

ምጣድና መጋገሪያ ሲለወጥ

የክብ ዕቃ ስፋት የሚያድገው በጎኑ (በመሀሉ ከዳር እስከ ዳር ባለው ርቀት) ሳይሆን ጎኑ በራሱ ተባዝቶ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው መጋገሪያ 1733 ግራም ሊጥ ከያዘ 40 ሳንቲ ሜትሩ ስንት ይይዛል?

1. ሁለቱንም ጎን በራሳቸው አባዙ፦ 40 × 40 = 1600፣ 30 × 30 = 900።
2. አካፍሉ፦ 1600 ÷ 900 = 1.78።
3. ሊጡን አባዙ፦ 1733 × 1.78 = ወደ 3085 ግራም። ዱቄቱ 1780 ግራም ነው።

40 ÷ 30 ብሎ በ1.33 ያባዛ ሰው የሚያወጣው ስስ ዳቦ ነው። ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱንም በስፋት አውጡ። 30 ሳንቲ ሜትሩ ክብ 15 × 15 × 3.14 = 707 ነው፤ 30 በ40 የሆነው ትሪ 1200። ማባዣው 1.7 ይሆናል።

እንጀራ ላይም ያው ነው። በ60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ 20 እንጀራ የሚያወጣ ሊጥ፣ ውጭ አገር ብዙ ቤት በሚገኘው 40 ሳንቲ ሜትር የኤሌክትሪክ ምጣድ 45 ያወጣል፤ 3600 ÷ 1600 = 2.25 ነውና። ውፍረቱ ያው መሆን አለበት፣ ስለዚህ የምታፈሱበትን ዕቃ በ2.25 አሳንሱት።

በረኪና መበጥበጥ

እዚህ ያለው ወጥመድ «1 ለ 9» እና «ከ10 እጅ 1 እጅ» አንድ መሆናቸው ነው። 1 እጅ በረኪና፣ 9 እጅ ውሃ፣ ጠቅላላው 10 እጅ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጓንት አድርጉ፣ በር ወይም መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከሆምጣጤ፣ ከሌላ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፣ ኃይሉን ያዳክመዋል። ይህ የወለልና የዕቃ ማጽጃ እንጂ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ አይደለም።

1. ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቡ። ብዙዎቹ 5 በመቶ አካባቢ ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም።
2. የጠርሙሱን በምትፈልጉት መቶኛ አካፍሉና 1 ቀንሱ፤ የሚመጣው የውሃው እጅ ነው። ከ5 ወደ 0.5፦ 5 ÷ 0.5 = 10፣ ሲቀነስ 9። ጠርሙሱ 3.5 በመቶ ከሆነ 3.5 ÷ 0.5 = 7፣ ሲቀነስ 6።
3. ጠቅላላውን መጠን ለእጆቹ ድምር አካፍሉ። ለ20 ሊትር ጀሪካን በ1 ለ 9፦ 20 ÷ 10 = 2። በረኪናው 2፣ ውሃው 18 ሊትር ነው።
4. ውሃውን አስቀድሙ፣ በረኪናውን አስከትሉ፣ ሳይረጭ በቀስታ አማስሉ።
5. ቀኑንና መቶኛውን ጀሪካኑ ላይ ጻፉ። በማግስቱ አዲስ በጥብጡ።

0.05 በመቶ ለማግኘት ከ5 በመቶው 1 ለ 99 ነው፦ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና በ19.8 ሊትር ውሃ። የ0.5 በመቶው ተዘጋጅቶ ካለ ከሱ 1 እጅ ወስዳችሁ 9 እጅ ውሃ ብትጨምሩ ያው ይሆናል፤ ለመለካትም ይቀላል።

ከጀሪካኑ በሚበልጥ ዕቃ መጀመሪያ 20 ሊትር ውሃ አድርጋችሁ 2 ሊትር በረኪና ጨምራችሁ ከሆነ? 20 ሊትር ውሃ የሚፈልገው 20 ÷ 9 = 2.22 ሊትር ነው። 220 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩበት።

አርማታ በ1 ለ 2 ለ 3

ቁጥሮቹ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር ናቸው፤ የሚለኩትም በይዘት ነው። ለተሸካሚ ኮለንና ቢም መሐንዲሱ የሰጠው ምጣኔ ካለ ከሱ አትውጡ።

1. የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘቱ 35 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ውስጡ 50 × 35 × 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመለኪያ ሳጥን አሠሩ፤ ልክ 35 ሊትር ይይዛል። ለ1 ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ አፉ ላይ ይላግ እንጂ አይቆለል።
2. የሚሞላውን ቦታ አስሉ። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.4 ሜትር ኩብ ነው።
3. በ1.54 አባዙ። ደረቁ አሸዋና ሲሚንቶ በጠጠሩ መሀል ስለሚገቡ 1 ሜትር ኩብ አርማታ ወደ 1.54 ሜትር ኩብ ደረቅ ነገር ይበላል። 0.4 × 1.54 = 0.616።
4. በእጆቹ ድምር፣ በ6፣ አካፍሉ፦ 0.103 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ። በ0.035 ሲካፈል 2.93፤ 3 ከረጢት።
5. የቀረው ይከተላል፦ አሸዋ 6 ሳጥን፣ ጠጠር 9 ሳጥን።
6. ውሃው ለ1 ከረጢት ከ25 ሊትር ይጀመር። እርጥብ አሸዋ ራሱ ውሃ ስለያዘ ከዚያም ቀንሱ።

በ1.54 ማባዛቱን የዘለለ ሰው ሲሚንቶው 2 ከረጢት ሳይሞላ «ይበቃል» ይለዋል፣ ሙሌቱ መሀል ላይ ይቆማል። የቆመ ሙሌት ላይ ሌላ ቀን አርማታ መጨመር መገጣጠሚያውን ደካማ ያደርገዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ነጋዴ «አንድ ኩንታል» ሲል 100 ኪሎ ነው፣ ሁለት ከረጢት። ደግሞም ረጠብ ያለ አሸዋ ይነፋል፤ ከደረቁ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሰፍቶ ሳጥኑን ሊሞላ ስለሚችል የገባው አሸዋ ያንሳል። እንዲህ ባለ አሸዋ 2 ሳጥን ሲባል ግማሽ ሳጥን ያህል ጨምሩበት። አካፋ መለኪያ አይደለም፤ እርጥብ አሸዋ ይቆለልበታል፣ ጠጠር ይንሸራተትበታል።

ማሳነስ

ማባዣው ከ1 ያነሰ ከመሆኑ በቀር ሥራው ያው ነው። ችግሩ መለካቱ ላይ ነው።

እንቁላል። ግማሽ ካስፈለገ ምቱትና 25 ግራም መዝኑ።

ሚዛን የማያነበው መጠን። 0.3 ግራም እርሾ ቢያስፈልግ 3 ግራሙን በ100 ግራም ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ ወዲያው አማስላችሁ 10 ግራም ውሰዱ። በውስጡ 0.3 ግራም ያህል እርሾ አለ። የወሰዳችሁትን 10 ግራም ውሃ ከአሠራሩ ውሃ ላይ ቀንሱ።

የማይከፈል ነገር። የኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ፓኬት በዓይን ለሁለት ተከፍሎ በግማሽ ሊትር አይበጠበጥም፤ ጨዉና ስኳሩ በፓኬቱ ውስጥ እኩል ላይሰራጩ ይችላሉ፣ ጨው የበዛበት ለሕፃን አደገኛ ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ ሙሉውን በጥብጡና የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ድፉት።

ትንሽ ድስት። ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ስለዚህ ወጥ ስታሳንሱ ውሃውን ከስሌቱ በለጥ አድርጉ። እሳቱን ደግሞ ቀንሱ።

ሲበላሽ

ደንቡ አጭር ነው፦ የበዛውን አዲሱ መሠረት አድርጉና ሌላውን ወደሱ አሳድጉ። የገባው አይወጣም።

*ጨው በዛ።* ለ7.5 ኪሎ ዱቄት ከ135 ይልቅ 180 ግራም ገባ። 180 ÷ 18 = 10፤ ማባዣችሁ አሁን 10 ነው። 2.5 ኪሎ ዱቄት፣ 1550 ግራም ውሃ፣ 25 ግራም እርሾ፣ 125 ግራም ዘይት፣ 75 ግራም ስኳርና 12 ግራም አዝሙድ ጨምሩ። ትርፉ ሊጥ ለጎረቤት ይሂድ።

*ሊጡ ቀጠነ።* በዱቄት ብቻ አታስተካክሉ። ለምትጨምሩት እያንዳንዱ 100 ግራም ዱቄት 1.8 ግራም ጨውና 1 ግራም እርሾ አክሉ። ከዚያ በፊት ግን 15 ደቂቃ አሳርፉት፤ ዱቄቱ ውሃውን ሲጠጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠነክራል።

*አርማታው ውሃ በዛበት።* በ1 ከረጢት 30 ሊትር ገባ። 30 ÷ 25 = 1.2። 10 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 14 ሊትር አሸዋ፣ 21 ሊትር ጠጠር ጨምሩ። አሸዋና ጠጠር ብቻ ጨምሮ ማጠንከር መልኩን እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም። መጠንከር የጀመረ አርማታ ላይ ግን ምንም አይጨመርም፤ ይጣላል።

*በርበሬ በዛ።* ውሃ ማብዛት ወጡን ያቀጥነዋል እንጂ አያስተካክለውም። ሌላ ድስት ላይ ሽንኩርት ያለ በርበሬ አቁላሉና ቀላቅሉት።

*ስንት እንደጨመራችሁ ጠፋባችሁ።* በግምት አትቀጥሉ። ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ዱቄት መዝኑና ከመጀመሪያው ክብደት ቀንሱ፤ የገባው እሱ ነው። ውሃው ከጠፋባችሁ ደግሞ ሳፋውን ከነሊጡ መዝኑና የባዶውን ሳፋ ክብደት፣ የዱቄቱንና የሌላውን ሁሉ ቀንሱ። የባዶ ሳፋውን ክብደት ሳፋው ላይ በማርከር ጽፋችሁ ከያዛችሁ ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።